የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ሕይወትና የስኳር በሽታ

መግቢያ

በ1922 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነበር። በዚህ ስሌት ከመጋቢት 21 ቀን እሑድ የጀመረው ሳምንት የዐቢይ ጾም ስድስተኛው፣ ማለትም ገብር ኄር፣ ነው። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንቷ ቤተ ልሔም ወቅቱ ከበሮና ጸናጽል ጸጥ ብለው ጾመ ድጓ የሚዜምበት ነው። በዚያው ሳምንት ሰኞ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ የቤጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በቤጌምድርና በወሎ አዋሳኝ፣ በዘቢጥ ደጋ፣ አንቺም በተባለው ሜዳ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ። ረቡዕ፣ መጋቢት 24 ቀን፣ የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ምኒልክ በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ሁለቱ ሞቶች በሁለት ቀን ልዩነት መከተላቸው የንግሥቲቱን ዕረፍት ለልዩ ልዩ ትርጓሜ አጋልጦታል። አንዱ ወገን በሐዘን ልባቸው ተሰብሮ ሞቱ ይላል፤ ሌላው የሥልጣን ሽኩቻ ውጤት አድርጎ ያየዋል፤ ሦስተኛው በትኩሳት ላይ ሳሉ በቀዝቃዛ ጸበል መነከራቸውን ያነሣል። በእነዚህ ትረካዎች መካከል ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚታለፍ ነገር አለ፤ ንግሥቲቱ የስኳር በሽታ ነበረባቸው። ይህ ጽሑፍ የዘውዲቱን ሕይወት በአጭሩ ተከትሎ፣ በየቀኑ ክትትል የሚሻው ይህ ሕመም በዘመኑ ከነበረው የሕክምና ዕውቀትና ከቤተ መንግሥቱ የኑሮ ሥርዓት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ይመረምራል።

ከልጅነት እስከ ዘውድ

ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ሲሆኑ እናታቸው ከወሎ መኳንንት ወገን ነበሩ። የልጅነት ዘመናቸው የአባታቸውን ፖለቲካ ተሸክሞ ያለፈ ነው። ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በገበሩበት ዘመን፣ የሁለቱን ቤት ሰላም ለማጽናት ሲባል፣ ገና ሕፃን ሳሉ ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. በሕመም ሲሞቱ ዘውዲቱ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት የዘለለ አልነበረም፤ ወደ አባታቸው ቤትም ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ትዳሮች አልጸኑም። በ1892 ዓ.ም. ገደማ ግን የየጁው ራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ የሆኑትን ጉግሣ ወሌን አገቡ። ጋብቻው እቴጌይቱ የሰሜኑን መኳንንት ከሸዋ ዘውድ ጋር ለማስተሳሰር ካደረጉት ጥረት አንዱ ነበር። ጉግሣ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው ቤጌምድርን ገዙ። ሊቃውንትን የሚያከብሩ፣ ቅኔና መጽሐፍ የሚወዱ ሰው እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። ግዛታቸው ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የመሰሉ የአብነት ትምህርት አገሮችን ያቅፍ ስለነበር ይህ ጠባያቸው ከአካባቢው ጋር የሚስማማ ነበር። ዘውዲቱም በሃይማኖተኛነታቸው የታወቁ ነበሩና ከዚህ የሊቃውንት ዓለም ጋር የነበራቸው ቅርበት እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አልተለያቸውም።

የዐፄ ምኒልክ ሕመም ሲጸና፣ የእቴጌ ጣይቱም ሥልጣን ሲያከትም፣ የባልና ሚስቱ ኮከብ አብሮ አዘቀዘቀ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጅ ኢያሱ ዘውዲቱን ከቤተ መንግሥት አርቀው ወደ ገጠር ሰደዷቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንትና የቤተ ክርስቲያን አባቶች ኢያሱን ከሥልጣን ሲያወርዱ ግን የምኒልክ ልጅ ተፈልገው መጡ። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ደፉ። ራስ ተፈሪ መኰንን ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ።

ዘውዱ ዋጋ ነበረው። መኳንንቱ የጣይቱ ቤተሰብ ዳግመኛ ወደ ቤተ መንግሥት እንዳይገባ በመሥጋት ዘውዲቱ ከጉግሣ እንዲለያዩ አደረጉ። ጉግሣ ወደ ቤጌምድር ሄዱ፤ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ ቀሩ። ከትዳሮቻቸው ሁሉ ዘር የሚተካ ልጅ በሕይወት አልቀረላቸውም። ስለዚህ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ዘውዲቱ በብዙ አሽከርና ደንገጡር የተከበቡ፣ ነገር ግን የራሳቸው ቤተሰብ የሌላቸው ንግሥት ነበሩ። ይህ ነጥብ ስለ ሕመማቸው ሲታሰብ ክብደት አለው። ረጅም ሕመም ከሐኪም ይልቅ በየቀኑ አጠገብ ያለ ሰው ይፈልጋልና። ዐፄ ምኒልክ ሽባ ሆነው በተኙባቸው ዓመታት እቴጌ ጣይቱ በቅርብ ያስታምሟቸው ነበር። በዘውዲቱ ቤት ግን የእቴጌይቱን ስፍራ የሚይዝ የትዳር አጋር አልነበረም።

ንግሥናና ጾም

በዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት አገሪቱ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ የባሪያ ንግድን የሚከለክሉ ዐዋጆችም ወጡ። የዕለት ተዕለቱ አስተዳደርና የውጭ ጉዳይ በአብዛኛው በራስ ተፈሪ እጅ ነበር። ንግሥቲቱ ወግ አጥባቂ ከነበሩት መኳንንትና ካህናት ጋር ይቀራረቡ ነበር። በ1919 ዓ.ም. ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴና አቡነ ማቴዎስ በተቀራረበ ጊዜ ሲሞቱ ዋነኛ ደጋፊዎቻቸውን አጡ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪን ንጉሥ ብለው ሲያነግሡ ሥልጣኑ በተግባር ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

ከፖለቲካው እየራቁ በሄዱ መጠን ወደ ጸሎትና ወደ ጾም ይበልጥ አዘነበሉ። አብያተ ክርስቲያናትን አሠሩ፤ የአባታቸው ዐፅም ያረፈበት ታዕካ ነገሥት በዓታም የእርሳቸው ሥራ ነው።

የስኳር በሽታ ከአመጋገብ ጋር ያለው ቁርኝት ጥብቅ በመሆኑ የቤተ መንግሥቱን ማዕድ መመልከት ተገቢ ነው። በፍስክ ወራት የግብር አዳራሹ ሥጋ፣ ወጥና የማር ጠጅ የሞላበት ነው። በጾም ወራት ደግሞ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይቀራሉ፤ የሚተኳቸው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎና የመሳሰሉት ናቸው። ከጥራጥሬው የሚገኘው ፕሮቲን እንዳለ ሆኖ፣ የማዕዱ ዋነኛ ክፍል በሰውነት ውስጥ ወደ ስኳርነት የሚለወጥ የእህል ምግብ ይሆናል። በዚህ ላይ ጾመኛው ለብዙ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ይቆይና ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ይመገባል። ጤነኛ ሰው ይህን መፈራረቅ በቀላሉ ይችለዋል፤ ቆሽቱ እንደ ምግቡ መጠን ኢንሱሊን ያመነጫልና። የስኳር ሕመምተኛ ግን የረኃቡም የጥጋቡም ሰዓት ይከብደዋል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛ ከጾም ሕግ የሚላላበትን ሥርዓት ከጥንት ይዛለች። ሆኖም ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ የሚታመም ሰው ራሱን ከሕመምተኛ ወገን ለመቁጠር ይቸገራል። የስኳር በሽታ ደግሞ ከዓመታት ብዛቱን በዚህ ዓይነት ድብቅነት የሚያሳልፍ ነው።

የስኳር በሽታ ሕክምና በዘመኑ

ዘውዲቱ ዘውድ በደፉበት ዓመት የስኳር በሽታ በዓለም ላይ መድኃኒት አልነበረውም። በኒው ዮርክ ፍሬድሪክ አለን የተባለው ሐኪም ያስፋፋው ዘዴ ምግብን በሚዛን እየለኩ እስከ ረኃብ ጠርዝ መቀነስ ነበር፤ ይህም ሞትን ያዘገይ እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም። ለውጡ የመጣው ከካናዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በጋ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ በጆን ማክሊዎድ ቤተ ሙከራ፣ ቆሽታቸው በወጣ ውሾች ላይ የቆሽት ጭማቂ ሞከሩ። ጄምስ ኮሊፕ ጭማቂውን ካጣራው በኋላ እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1922፣ በእኛ ጥር 15 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ ተወግቶ ሕመሙ በግልጽ ተሻለው። ከአንድ ዓመት በኋላ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት የሚዘጋጀው ኢንሱሊን በአሜሪካና በአውሮፓ ይመረት ጀመር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. የአውሮፓን ከተሞች ሲጎበኙ መድኃኒቱ በእነዚያ አገሮች በሥራ ላይ ውሎ ነበር።

ኢንሱሊን መገኘቱ ግን ግማሹ ነገር ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚሠራው በሕመምተኛው ቤት ነው። የ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት በመሆኑ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ መወጋትን ይጠይቅ ነበር። መርፌውና የመስተዋት ስሪንጁ በየጊዜው ይቀቀላሉ። የደም ስኳር በቤት የሚለካበት መሣሪያ ስላልነበረ ሽንት ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይፈላል፤ ፈሳሹ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም፣ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ ብሎም ወደ ሸክላ ቀይ በተለወጠ መጠን ስኳሩ በዝቷል ማለት ነው። ምግብ በሰዓቱና በልኩ ይቀርባል። መድኃኒቱ በዝቶ ወይም ምግቡ ዘግይቶ ሕመምተኛው ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ ወይም ግራ ቢጋባ ወዲያው ጣፋጭ የሚያቀምሰው ሰው ሊኖር ይገባል። መድኃኒቱ ከሙቀት ተጠብቆ መቀመጥ አለበት።

ይህ ሥርዓት ሕመምተኛው ማንም ቢሆን አይለወጥም። በውሾች ላይ ተሞክሮ የተገኘው መድኃኒት ዛሬ ተመልሶ የቤት እንስሳትን ያክማል። የስኳር በሽታ የያዛት ድመት በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ትወጋለች፤ አሳዳሪዋም መብላቷንና ውኃ መጠጣቷን ይከታተላል፤ ምግብ ከከለከላት ሐኪም ሳያማክር የተለመደውን መጠን አይወጋም። ከእንስሳ እስከ ንጉሥ ድረስ ኢንሱሊን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰዓትን፣ ምግብንና መጠንን አስተባብሮ የሚይዝ ትጉህ አስታማሚ። የቦስተኑ ሐኪም ኤሊዮት ጆስሊን ይህን ቀደም ብሎ ተገንዝቦ፣ ገና ኢንሱሊን ሳይገኝ እ.ኤ.አ. በ1918፣ ለሐኪምና ለሕመምተኛ በጋራ የሚያገለግል መመሪያ አሳትሟል።

ቀኑን ሙሉ የሚሠራና የመርፌውን ብዛት የቀነሰ ኢንሱሊን የመጣው ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን ኢንሱሊንን ፕሮታሚን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ባዋሐደበት በ1936 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ይህም ንግሥቲቱ ካረፉ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት እስከ ዛሬ የሚታደለው ኤንፒኤች የተባለው ኢንሱሊን የስሙ የመጨረሻ ፊደል የእኒሁ ሐኪም ስም መነሻ ነው።

በ1910ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ዘመናዊ ሕክምናን የማታውቅ ከተማ አልነበረችም። የምኒልክ ሆስፒታል ሥራ ከጀመረ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ ራስ ተፈሪም ቤተ ሳይዳ ሆስፒታልን አቋቁመው ነበር፤ ጎንደር የተወለዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በከተማይቱ የታወቁ ነበሩ። ይሁን እንጂ የዘመኑ ሕክምና ትኩረት ቁስል፣ ፈንጣጣ፣ ተስቦና ሌሎች ፈጥነው የሚገድሉ ደዌዎች ላይ ነበር። ሳይታይ ለዓመታት የሚዘልቀውንና በየዕለቱ የሚጠበቀውን ሕመም የሚከታተል አደረጃጀት ገና አልበቀለም።

የመጨረሻው ሳምንት

በ1922 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የራስ ጉግሣ ከንጉሥ ተፈሪ ጋር መቃቃር ወደ ጦርነት አመራ። ንግሥቲቱ ጉግሣ ዐመፁን እንዲተዉ ደጋግመው አዘዙ፤ አልሆነም። መንግሥት በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ የሚመራ ጦር ወደ ሰሜን ላከ። በኢትዮጵያ የጦርነት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላኖች ተሳተፉ፤ በመጀመሪያ ጉግሣን ተከትሎ የሚዋጋ ሁሉ የተወገዘ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት በተኑ፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣሉ። የጉግሣ ሠራዊት ብዙው ከድቶ ተበተነ፤ እርሳቸውም በጦርነቱ ላይ ተገደሉ።

በዚያው ወቅት ንግሥቲቱ በአዲስ አበባ በጽኑ ትኩሳት ተኝተው ነበር። ሕመሙ የአንጀት ተስቦ እንደነበር ይነገራል። ስለ መጨረሻዎቹ ሰዓታት ያሉት ትረካዎች ይጋጫሉ። በሕዝብ ዘንድ የተስፋፋው የጉግሣን ሞት ሰምተው በድንጋጤ አረፉ የሚለው ነው፤ ሌሎች ደግሞ የጦርነቱ ውጤት ሳይነገራቸው እንደሞቱ ይመሰክራሉ። በከተማይቱ የነበሩ የውጭ ዲፕሎማቶች በበኩላቸው ንግሥቲቱ ለፈውስ ሲባል በቀዝቃዛ ጸበል ተነክረው ሰውነታቸው እንዳልቻለው ዘግበዋል።

የጸበሉን ትረካ ያነበቡ አንዳንዶች ነገሩን በኋላ ቀርነት ላይ ሊያላክኩት ይሞክራሉ። ይህ ግን የሕክምናን ታሪክ አለማገናዘብ ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ጀርመናዊው ሐኪም ኤርንስት ብራንድ የአንጀት ተስቦ ሕመምተኞችን በቀዝቃዛ ውኃ መንከርን መደበኛ ሕክምና አድርጎት ነበር፤ ዘዴው በአውሮፓና በአሜሪካ ሆስፒታሎች ለብዙ ዓመታት ተሠርቶበታል። ተስቦን የሚያጠፋው ክሎራምፌኒኮል የተባለው መድኃኒት በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1948 ገደማ ነው። ስለዚህ ጸበሉ በእምነት የተሰጠ ቢሆንም፣ ትኩሳትን በቀዝቃዛ ውኃ ማብረድ ለዘመኑ የፈረንጅ ሐኪምም እንግዳ ነገር አልነበረም።

አደጋው የጎላው ውኃው ባገኘው ሰውነት ምክንያት ነው። በስኳር ሕመምተኛ ላይ ትኩሳት ሲነሣ ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ያከሽፋሉ፤ ምግብ ባይበላም እንኳ የደም ስኳር ይወጣል። የበዛው ስኳር በሽንት ሲወርድ ውኃን ይዞ ይሄዳል፤ ትኩሳቱና ተቅማጡ ሲጨመሩበት ሰውነት ይደርቃል፣ የደም ዝውውር ይዳከማል። ሕመሙ እየገፋ ሲሄድ ራስን መሳት ይከተላል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ ያለን የ53 ዓመት ሰው በድንገት በቀዝቃዛ ውኃ መንከር የደም ሥሮችን አኮማትሮ በልብ ላይ ከባድ ጫና ያሳርፋል። ከዚህ አንጻር ሲታይ ሐዘኑም፣ ውኃውም፣ ትኩሳቱም ከመጡ በኋላ የሚመዘኑ ምክንያቶች ናቸው፤ የሰውነቱ አቅም ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በዓመታት ሂደት፣ ተሸርሽሮ ነበር።

ማጠቃለያ

የዘውዲቱን ዕረፍት የሚተርኩ ሰዎች በአብዛኛው አንድ ዕለት ላይ ያተኩራሉ። ሐዘን፣ ሤራና ጸበል ሁሉም የአንድ ዕለት ታሪኮች ናቸው። የስኳር በሽታ ግን የዓመታት ታሪክ ነው፤ በማዕድ፣ በጾም፣ በአስታማሚ መኖርና አለመኖር ውስጥ ቀስ እያለ የሚጻፍ። የንግሥቲቱን ሕይወት በዚህ መንገድ ማንበብ የፖለቲካውን ታሪክ አይሽርም፤ ከባል መለየታቸው፣ ዘር ማጣታቸውና ደጋፊዎቻቸውን በሞት መነጠቃቸው የሕመማቸውም ታሪክ አካል መሆናቸውን ያሳያል። ዘውዱን ለመድፋት ትዳራቸውን ሲተዉ በረጅም ሕመም ጊዜ አጠገብ የሚቀመጠውን ሰውም አብረው ትተዋል።

ጉዳዩ ላለፈው ዘመን ብቻ የሚተው አይደለም። ራስ ጉግሣ ይገዙት በነበረው አገር፣ በጎንደር፣ በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ተቋቁሟል፤ ከጊዜ በኋላም የስኳር በሽታን ክትትል ከጎንደር ሆስፒታል አውጥቶ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች የማድረስ ሥራ ተሠርቷል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ፍለጋ ቀናት ከሚጓዝ ይልቅ በቀዬው ሆኖ ራሱን እንዲያስተዳድር ማስቻል። መብራት በሌለበት ቤት ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ወይም ውኃ በያዘ ሸክላ ውስጥ አቀዝቅዞ የሚያኖር ገበሬ፣ በዐቢይ ጾም የልጁን የምግብ ሰዓት ከመርፌው ጋር አስማምታ የምትይዝ እናት፣ በ1922 ዓ.ም. ለንግሥተ ነገሥታት ያልተሟላውን ሥራ ይሠራሉ።

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ባሠሩት በታዕካ ነገሥት በዓታ ከአባታቸው ጋር አርፈዋል። ከዕረፍታቸው ጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈተ ሆስፒታል ደግሞ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።